ስድስት ጊዜ የሞተው ወታደር

ልጄን ጠጉሩን ላስቆርጠው መካነ ኢየሱስ ገበያው አጠገብ ካለች ጠጉር ቤት ይዤው ገባሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ለጠጉር አስተካካዩ "ዙሪያውን አሳጥርልኝ፣ ሌላ ጣጣ አልፈልግም" ብዬው በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ግራውን ጨረሰ፤ ቀኙን ጨረሰ፤ ወደ መሃሉ ሊሻገር ሲል መብራት ጠፋና ማሽኑ እጁ ላይ ቀጥ አለ። ልጄ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ሁለቱ ጎኑ ተመልጦ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መስመር ጠጉር ብቻ ቆሞለታል።

"እማ፣ በቃ እንዲህ ይቅርልኝ!" አለ። መብራት ሲጠፋ ደስ ያለው ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አስተካካዩ ወደ ጓሮ ዞሮ ከጄኔሬተሩ ጋር ትግል ያዘ። ገመዱን ይስባል፤ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሦስቴ ያስልና ይተኛል። የቤንዚኑ ሽታ በጓሮ በር ገብቶ ወለሉ ላይ ከረገፈው ጠጉርና አጠገቤ ከተቀመጡት ሰውዬ እርጥብ ጋቢ ሽታ ጋር ሲቀላቀል እኔ ከዚያ አግዳሚ ላይ ጠፋሁ። ያደግኩባት ወገዳ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ክረምት ነው፣ አጎቴ አያ ሞላ ሰው ሊገድል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዚያ ክረምት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አባቴን ታከለ የሚባል የማሳ ጎረቤታችን ገደለው። የተጣሉት በድንበር ነው፤ በሬ በቅጡ ዞሮ በማይመለስባት ቁራጭ መሬት። ታከለ ተፈርዶበት ደብረ ታቦር ታሰረ። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ ስለሞተች ያሳደጉኝ የአባቴ እናት እማማ ዘውዴ ናቸው። በቤቱ የቀረነው እሳቸው፣ እኔና የመጨረሻ ልጃቸው አያ ሞላ ነን። አያ ሞላ በአባቴ ተዝካር ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥቶ "የወንድሜን ደም ሳልመልስ ምላጭ ራሴን አይነካውም" ብሎ ማለ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ለእርቅ መጣበት። ሁለቱንም ጊዜ ጠጉሩን በጣቱ እያሳየ መለሳቸው።

ያን ጠጉር የማበጥረው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአረም ሲመለስ እኔ መደብ ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ከሥሬ መሬት ላይ ይቀመጥና ራሱን ጉልበቴ ላይ ያስደግፋል። በእንጨት ሚዶ ከጫፉ ጀምሬ እፈታዋለሁ። ቅቤ፣ ጭስና ዝናብ ይሸታል። የመሐላውን ቃል እንጂ ትርጉሙን በቅጡ ስላልያዝኩት የአባቴ ደም እዚያ ጠጉር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ብቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ስፈታው እፈልገዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈልጌ ያገኘሁት ቅማል ብቻ ነው።

"ምን እየፈለግሽ ነው የሺ? ከሥሩ ነቀልሽው እኮ!" ይለኛል።

"ምንም።"

"እንግዲያው ቀስ በይ። ይሄ አደራ ነው።"

አደራ ሲለኝ እፈራለሁ፤ ደግሞም እኮራለሁ። የሌሎቹ ልጆች ሥራ ውኃ መቅዳትና ጥጃ መጠበቅ ነው። የኔ ደም መጠበቅ ነበር።

በዚያ ክረምት ወገዳን ያሳበደው የከድር ቪዲዮ ቤት ነው። ከድር ጨርቅና ሳሙና የሚነግድ፣ ሆዱ ቀደም፣ ሳቁ ከሆዱ ቀደም የሚል ሰው ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጭቃ ቤት መስኮቷን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርዶ አግዳሚ ደርድሮባታል፤ ከፊት ቴሌቪዥኑ፣ ከጓሮ ጄኔሬተሩ። ዝናብ ሲጥል ገበያተኛው እየተጋፋ ይገባል። እርጥብ ጋቢው በሰው ሙቀት እንፋሎት ያወጣል፤ ቤንዚኑ ይሸታል፤ ጣሪያው በዝናብ ሲደበደብ የፊልሙ ድምፅ አይሰማም። ግድም አልነበረን። ድምፅ የሚሆነን ከድር ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በትሩን ይዞ ይቆምና ፈረንጆቹ የሚሉትን ሁሉ ባማርኛ ይነግረናል። እንግሊዝኛው ስንት እንደሚገባው እግዜር ይወቅ፤ ነገር ግን አፉ ተይዞ አያውቅም።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና አዲስ ፊልም ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን ያየነው አንድ ፊልም ነው፤ ስለ ሞሃውክ ሰዎች። ሞሃውኮች፣ ከድር እንዳስረዳን፣ ነጭ ሳይመጣ በፊት በአሜሪካ አገር የነበሩ ባለርስቶች ናቸው። "ነጮቹ በድንበር እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ባለርስቶቹን መሃል አስገቧቸው። ወታደር መጣ፣ የዚህን ጀግና መንደር አቃጠለ፣ ወንድሙን ገደለ" አለ፣ በትሩን ስክሪኑ ላይ እያሳረፈ። "በድንበር" የሚለው ብቻ በቃን። ከዚያ ወዲያ የሚነገረን ነገር አልነበረም፤ ነገሩ የኛ ሆነ።

አሁን ሳስበው የድሃ ፊልም ነበር። ተቃጠለ የተባለው መንደር ሁለት ጎጆ ነው። ጦር የተባለው አሥር ሰው አይሞላም። መጀመሪያ ጭሱ ይወጣል፣ ተኩሱ ቆይቶ ይሰማል። ያው አንድ ጎባጣ ዛፍ ማለዳም ማታም፣ በዚህም አገር በዚያም አገር ይታያል። ያን ጊዜ ግን አፌ ተከፍቶ ይቀር ነበር። ከሁሉ ያስደነቀኝ ጫካው ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ደን ያለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ እርሻ ነው። ስለዚህ የሞሃውክ አገር በሙሉ ደብር መሰለኝ። በዛፎቹ መሃል ጉልላት ይታየኝ እንደሆነ እያልኩ አንገቴ እስኪነቀል አማትር ነበር። በታቦት ቅጥር ውስጥ ሲገዳደሉ ማየት ደግሞ ጠጉሬን ያቆመዋል። ከዚህ የባሰ ድፍረት፣ ከዚህም የበለጠ ቁጣ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደግሞ ጀግናው ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፊቱን በቀይና በጥቁር ቀለም የከፈለ። ጠጉሩ ሁለት ጎኑ ተላጭቶ መሃል ለመሃል አንድ መስመር ቆሟል። መጀመሪያ ያየነው ቀን ቤቱ ሁሉ "ቁንጮ ነው! ቁንጮ ነው!" እያለ ተንጫጫ።

"ቁንጮ አይደለም" አለ አያ ሞላ ከጎኔ። ቤቱ ወደሱ ዞረ፤ በዚህ ጉዳይ ከሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የራሱን ረጅም ጠጉር ዳሰስ አደረገና "የተላጨው ጎኑ እስካሁን የመለሰው ነው። የቆመችው የቀረችበት ናት" አለ።

ማንም አልተጠራጠረም። ከድር ራሱ ከዚያ ቀን ወዲያ ሲተርክ "ይኸው፣ ቀሪውን ደም ራሱ ላይ ተሸክሞ!" ይል ጀመር። የሞሃውክ ሰው ጠጉሩን ለምን እንደዚያ እንደሚቆረጥ በወገዳ ተወስኖ አለቀ።

አያ ሞላ ፊልሙን ባየ ቁጥር ይለወጥ ነበር። ሲወጣ ረዝሞ ይወጣል። መንገድ ላይ አያወራም፤ ጀግናውም አያወራም። አንድ ቀን ጭቃውን እየረገጥን ወደ ቤት ስንመለስ እጁን ያዝኩና "አያ ሞላ፣ አንተም እንዲያ ታደርጋለህ አይደል?" አልኩት።

"እንዴታ" አለ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። እውነቱን ልናገር፦ ፈልጌዋለሁ። ታከለ ወድቆ ሲንፈራገጥ ማየት ፈልጌ ነበር። ልጅ ደግ ነው የሚሉ ሰዎች የልጅነታቸውን የረሱ ናቸው።

ወዲያው ወሬው መጣ። ታከለ በይቅርታ ለአዲስ ዓመት ይፈታል ተባለ። አያ ሞላ በዚያው ቀን የአባቴን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አወረደና ይወለውለው ገባ። እኔም በበኩሌ ተዘጋጀሁ። ከጓሮ ቀይ አፈር፣ ከምድጃ ጥላሸት በውኃ አሽቼ ፊቴን እንደ ጀግናው ለሁለት ከፍዬ ቀባሁና ከቤት ወጣሁ። እማማ ዘውዴ ደጅ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርታቸው ቆመ።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

"ሞሃውክ ነኝ" አልኳቸው። "ታከለን ልንገድለው ነው፣ ከአያ ሞላ ጋር።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ፊቴን አንድ በአንድ፣ ቅንድቤን ሳይቀር፣ ጠረጉልኝ። "ይሄ ሞሃውክ የሚባለው ሰው የት ነው የሚኖር?" አሉኝ።

"ከድር ቤት።"

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። እማማ ዘውዴ እንዝርታቸውን እንደያዙ የከድርን ቪዲዮ ቤት ጆንያ ገለጥ አድርገው ገቡ። አሮጊት ሴት እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ወንዶቹ ከአግዳሚው ተነሡ፤ አያ ሞላ አንገቱን ደፋ። ከድር ፊልሙን አቁሞ "እማማ ዘውዴ፣ ኧረ ይሄ የጦርነት ነገር ነው፣ ለእርስዎ አይሆንም" አለ።

"ጦርነት ከአንተ በፊት አይቻለሁ። ቀጥል ልጄ።"

ከፊት ተቀመጡ፤ እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ጫካው ሲመጣ አማተቡና "የማን ደብር ይሆን?" አሉ። ደስ አለኝ፤ ይህን ያሰብኩ እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው። የመጀመሪያው ወታደር ተመትቶ ሲወድቅ "ውይ፣ ልጄን" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁሉም ሳቀ፤ ያ ወታደር ከጠላት ወገን ነው። ሁለተኛው ሲወድቅም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲወድቅ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"እንዴ! ይሄ ልጅ ቅድም ሞቶ የለም?"

"ሌላ ነው እማማ" አለ ከድር። "የወታደር ልብስ አንድ ዓይነት ነው፣ እሱ ነው ያሳሳተዎት።"

"ልብሱን ማን አየው? ጆሮውን እይ። ግራ ጆሮው ጠመም ያለ ነው። ቅድም ጢም አልነበረውም፣ አሁን ጢም አበጀ እንጂ ያው ልጅ ነው።"

ከድር ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ቤቱ በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። እውነት ነው! በሦስቱም ላይ ጠማማው ጆሮ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ያን ሁሉ ጊዜ ስናይ ወታደሮቹን አንዳችንም ፊታቸውን አይተን አናውቅም ነበር፤ እሳቸው አንድ ጊዜ አይተው ለዩት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሌላ ፊልም ሆነ። ሰው ሁሉ ጆሮ ይፈልግ ጀመር። ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ፤ "ያው ነው!" ሞተ፤ "አራት!" ሽበት ተቀብቶ መጣ፤ "ኧረ ያው ነው!" ሞተ፤ "አምስት!" እንባው እስኪወርድ የሳቀ ሰው ነበር። ሲያልቅ ስድስት ጊዜ ሞቷል። እንደ ሁልጊዜው ጀግናው ከጎባጣው ዛፍ ሥር ብቻውን ቆመ፣ ያቺ የጠጉር መስመር ራሱ ላይ እንደቆመች፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

እማማ ዘውዴ አልሳቁም። በጨለማው ውስጥ ድምፃቸው መጣ።

"ስድስት ጊዜ ገደለው፣ አልጨረሰውም። ወንድሙ አንዴ ሞተ፣ አልተነሣም። የሚነሣው ገዳዩ ነው።" ቀጥለውም "ደግሞ ይሄን ሁሉ አገር ሲጨርሱት ሽማግሌ የላቸውም? እናት የላቸውም?" አሉ።

ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም። አያ ሞላ ተነሣና ሰው እየረገጠ ወጣ። እኔ አያቴን ጠላኋቸው። ጀግናዬን አሳንሰው፣ ፊልሜን አበላሽተው የወሰዱብኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠጉሩን ስፈታው አያ ሞላ ዓይኑን ጨፍኖ "ደህና አድርገሽ ፍቺው። ከዚህ በኋላ አታበጥሪውም" አለኝ። ገባኝ። ሚዶው እጄ ላይ ላበው።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ታከለ ከደብረ ታቦር በሚመጣው አውቶቡስ እንደሚገባ ተሰማ። አያ ሞላ ጠዋት ጠመንጃውን በጋቢው ሥር አድርጎ ወጣ። እማማ ዘውዴ ትንሽ ቆይተው አንድ ጥቅል አነገቡና እጄን ያዙ። ጥቅሉ ሲታሠር አጮልቄ አይቻለሁ፤ ማር ያለባት ትንሽ ቅል ናት። ሌላውን አላየሁም። ሞሃውኩ ከውጊያ በፊት ጫካ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀምስ አይቻለሁና አያቴ በመጨረሻ ልቦና ገዝተው ለልጃቸው ስንቅ የያዙ መሰለኝ። ይቅር አልኳቸው። እየዘለልኩ ሄድኩ።

አያ ሞላ አውቶቡሱ ከሚያልፍበት የወንዝ ድልድይ አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ማሩን ይሰጡታል ብዬ ስጠብቅ እማማ ዘውዴ ሳይቆሙ አለፉ።

"ወዴት ነው እናቴ?" አለ፣ ደንግጦ።

"መንገድ ነው። መንገድ የሁሉ ነው" ብለውት ጎትተው አሳለፉኝ።

አደይ አበባ በሞላው ዳገት ብዙ ሄድን። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል እማማ ዘውዴ መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ንቅንቅ አላሉም። አጠገባቸው ሲደርስ ቆመና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እማማ፣ ሞልቷል! ቦታ የለም!" አለ።

"ልሳፈር አይደለም። አንድ ልጅ አለኝ ውስጥ" አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ታከለ! ና ውረድ" አሉ።

ታከለን ስጠብቀው የኖርኩት ግዙፍ፣ እንደ ፊልሙ ወታደሮች ቀይ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ ክፉ ሰው አድርጌ ነው። የወረደው ሸሚዙ የሰፋበት ከሲታ ሰው ነው። አንድ ፌስታል ይዟል። ራሱ በእስር ቤት ምላጭ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። አያቴን ሲያይ ፌስታሉ ከእጁ ወደቀ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ተደፋ።

"በእጅዎ ይግደሉኝ። ሌላ ሰው እጁን ከሚያበላሽ" አለ።

እማማ ዘውዴ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡለት። ቅሏን ፈቱ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና አፉ ላይ አኖሩት። "ጥባ" አሉት። ባገራችን ያልወለዱትን ሰው ልጅ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ ጡት እንደማጥባት ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሥጋ ልጅ ነው። ሕፃን ልጅ ሲያጠቡ አይቼ አውቃለሁ። ጺማም ሰው፣ ያውም ገዳይ፣ እያለቀሰ የአሮጊት ጣት ሲጠባ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። በየመስኮቱ ሰው ተሰገሰገ። አንዲት ሴት "እግዚኦ" ስትል ሰማሁ።

እኔ የአያቴን ቀሚስ ይዤ ጎተትኩ። "እማማ! አባቴን እኮ ነው የገደለው!"

"አውቃለሁ። አባትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ነገር ቀሚሱን አስለቀቀኝ። "ያንቺም ቃል ይደርሳል፤ ጠብቂ።"

እሱን በቀኝ፣ እኔን በግራ እጃቸው እንደያዙ ወደ ድልድዩ ወረድን። አውቶቡሱ ከኋላችን እንደ ቀብር ሸኚ ቀስ እያለ ተከተለን። አያ ሞላ ከዋርካው ሥር ተነሣ። ጋቢው ወደቀ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ወጣ።

"እናቴ፣ ገለል በይ።"

"አልልም።"

"ገለል በይ ብያለሁ!"

እማማ ዘውዴ ማር የተቀባ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። "ይኸው፣ እይው። አጥብቼዋለሁ። ከአሁን በኋላ ብትገድለው የእናትህን ልጅ ነው የምትገድለው። አንድ ልጅ በሰው እጅ ሞተብኝ፣ ቻልኩት። ሌላውን አንተ ከገደልከው በማን ላይ ላልቅስ? አንተን የሚበቀልልኝ ማንን አስቀርተህልኛል? ይቺን ልጅ? ፊቷን ቀብታ አይቻታለሁ።"

አያ ሞላ ወደ እኔ አየ። እንደ ፊልሙ ከተኩሱ በፊት ጭሱን አይ ይሆን ብዬ ዓይኔን የጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ተከልኩ። ጭስ አልወጣም። ከሆዱ እንደ በሬ አጓራና ተቀመጠ። ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አጋደመው።

"ጠጉሬስ?" አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ። "ሕዝብ ፊት ምያለሁ።"

"መሐላህን ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ንስሐውን እኔ እይዝልሃለሁ" አሉና ከጥቅሉ ሳሙናና ምላጭ አወጡ።

ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እኔ በእፍኜ ውኃ አመጣሁ። ግራውን ላጩ፣ ቀኙን ላጩ። ሦስት ዓመት የፈታሁት ጠጉር በጭብጥ በጭብጥ እየወረደ ውኃው ላይ ሄደ። እየሄደም አይቼዋለሁ፤ የአባቴ ደም አብሮ ይወጣ እንደሆነ። ምንም አልነበረም። ወደ መሃሉ ሲሻገሩ አያ ሞላ እጃቸውን ያዘ።

"ይቺን ተዪልኝ። ይቺ የአለባቸው ናት።"

አለባቸው አባቴ ነው። ቀና አልኩ። ሁለት ጎኑ የተላጨ፣ መሃል ለመሃል አንድ መስመር የቆመለት፣ ፊቱ በእንባና በአፈር የተከፈለ፣ እሱው ነው። ሞሃውኩ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ከወንዛችን ዳር ተቀምጧል። ያቺ የቆመችው መስመር ምን ማለት እንደሆነች ደግሞ በወገዳ የማያውቅ የለም።

እማማ ዘውዴ ምላጩን አጥበው ወደ እኔ ዘረጉት። "የአለባቸው ልጅ ቆማለች። ይቅር ብትል ይቀራል፣ ይነሣ ብትል ይነሣል። የሷ ነው።"

በሕይወቴ ያን ያህል የከበደ ነገር ይዤ አላውቅም። ሁሉም ያዩኛል፤ አውቶቡሱም፣ አያ ሞላም። የማያየኝ ታከለ ብቻ ነው፤ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ማሩ ከከንፈሩ ጥግ አልደረቀም። ዝንብ መጥታ አረፈችበት። እጁን አንሥቶ እሽ አላላትም። በእኛ ፊት እጁን ማንሣት ፈርቷል። ዝንቧ ማሩን ስትልስ፣ እሱም ዝም ብሎ ሲቆምላት ረጅም ጊዜ አየሁት። ጠላሁት፤ ግን ሞቶ እንደገና እንዲመጣብኝ አልፈለግሁም። ስድስት ጊዜ አልፈለግሁም፤ አንድም ጊዜ።

ከግንባሩ ጀመርኩ። ምላጭ አልለመድኩምና ማጅራቱ ላይ ስደርስ ቆረጥኩት። አንዲት ጠብታ ደም ወጣች፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ የምታበራ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስፈልጋት የኖርኩትን አየኋት።

"አያ ሞላ፣ ወጣ!" ብዬ ጮኽኩ።

ጣቱን ሰዶ ዳሰሰውና ወደ ዓይኑ አምጥቶ አየው። ምን ማለቴ እንደሆነ የገባው ይመስለኛል። ጣቱን ወንዙ ውስጥ አጥቦ "እንግዲያው ተመለሰ" አለ። "በቃ።"

ሽማግሌውም ካህኑም መጥተው የእርቁ ሥርዓት በወጉ የተፈጸመው ለመስቀል ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ወንዙን ነው።

የጠጉር ቤቱ ጄኔሬተር ተነሣ። አምፖሉ በራ፤ የአስተካካዩ ማሽን ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይጮህ ጀመር። እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባና "እሺ እትዬ፣ መሃሉንስ ላንሳው?" አለኝ። ልጄ መስታወቱ ውስጥ በዓይኑ እየለመነ ያየኛል። ተነሥቼ ያቺን መስመር በመዳፌ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ዳበስኳት። ለስላሳ ናት። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

"ተውለት" አልኩት። "ልጄ የሚመልሰው ደም የለበትም።"